ቁመት ቆጥቡ፣ ስፋት አባክኑ፦ ለትንሽ ላፕቶፕ የታብና የመስኮት አደራደር

ደብረ ብርሃን ውስጥ በየኮፒ ቤቱ፣ በየተማሪው ጠረጴዛ ላይ የማየው ላፕቶፕ በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል። ቁጥሩን ልብ በሉት። ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ ወደ ታች ግን አጭር። ከዚያች 768 ላይ የዊንዶውስ 10 ታስክባር (ከስክሪኑ ታች ያለው መስመር) 40 ይወስዳል። ብሮውዘሩ (ክሮም፣ ኤጅ ወይም ፋየርፎክስ) ደግሞ ታቡን፣ ማለትም የከፈታችሁት ገጽ ርዕስ የሚታይበትን፣ የአድራሻ መስመሩንና ቡክማርኩን (ያስቀመጣችኋቸውን ገጾች መስመር) አንዱን በአንዱ ላይ ይደረድራል። ለምታነቡት ገጽ የሚተርፈው ምኑም አይደል። በዚያ ላይ የገጹ ሁለት ጎን ነጭ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል።

ሌላም የኛ ጣጣ አለ። ብዙ የአማርኛ ገጾች ርዕሳቸውን የሚጀምሩት በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። ታቡ ሲበዛ ርዕሱ ይቆረጣል። ስድስት ታብ ከፍታችሁ ስድስቱም «የኢትዮ…» የሚሉ ከሆነ፣ ታብ የተባለው ነገር ሥራውን ትቷል ማለት ነው። የታብ ሥራ ገጽ መያዝ ብቻ አይደለም። የያዘውን ገጽ ቶሎ ማሳየትም አለበት።

ለሁለቱም ችግር መፍትሔው አንድ ነው፦ ታቡን ከላይ አንስቶ ወደ ጎን ማውረድ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ነው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ የብሮውዘራችሁን ዕድሜ እወቁ

የብሮውዘሩን ሜኑ ክፈቱ፣ «ሄልፕ» ከዚያ «አባውት» የሚለውን ንኩ። የቅጂው ቁጥር ይወጣል። ይህን ሳያዩ መጀመር ጊዜ ያባክናል፤ አንዳንዱ ነገር በአሮጌ ቅጂ ላይ ጭራሽ የለም።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 7 ከሆነ ክሮምም ኤጅም ቁጥር 109 ላይ ቆመዋል። ፋየርፎክስ ደግሞ በ115 ረጅም ድጋፍ ቅጂ ላይ ነው የሚቀረው። ፋየርፎክስ የጎን ታብን ያመጣው በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በቁጥር 136 ስለሆነ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ አታገኙትም። ኤጅ ግን ከ2021 ጀምሮ የጎን ታብ አለው፣ 109ም ላይ ይሠራል። አሮጌ ብሮውዘር የደኅንነት ማሻሻያ እንደማይደርሰው ግን አትርሱ። ባንክና ኢሜይል በእሱ ባትከፍቱ እመርጣለሁ።

ታቡን ወደ ጎን ማውረድ

ኤጅ ላይ እንዲህ ነው፦

1. ባዶ የታብ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና የጎን ታብ የሚያበራውን ምረጡ። ወይም «ኮንትሮል + ሺፍት + ኮማ» ተጫኑ።
2. ታቦቹ ወደ ግራ ይወርዳሉ። ላይ ያለው መስመር ግን ባዶውን ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ምን ተረፈኝ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ገና ምንም አላተረፈም።
3. ሴቲንግ ግቡ፣ «አፒራንስ» ውስጥ የጎን ታብ ሲበራ ታይትል ባሩን (የመስኮቱን የላይኛ መስመር) የሚደብቀውን ምርጫ አብሩ። ቁመቱ አሁን ተመለሰ።
4. ከታቦቹ ዝርዝር በላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ንኩ። ዝርዝሩ ተሰብስቦ አዶ (የየገጹ ትንሽ ምልክት) ብቻ ይቀራል። ማውሱን ስታስጠጉበት ይዘረጋል፣ ስታርቁ ይሰበሰባል።

ፋየርፎክስ ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ ከዚያ «ብሮውዘር ሌይአውት» በሚለው ስር «ቨርቲካል ታብስ» ምረጡ። ከላይ በግራ ጥግ ያለው የሳይድባር ምልክት ዝርዝሩን ያሰፋዋል፣ ያጠበዋል። ከታቦቹ በላይ የመስኮቱ ታይትል ባር ለብቻው ተዘርግቶ ካያችሁም አጥፉት፦ የመሣሪያ መስመሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ከስተማይዝ ቱልባር»፣ በሚመጣው ገጽ ታች በግራ በኩል «ታይትል ባር» የሚለውን ሳጥን ማንሳት። አንዳንድ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ይህ መስመር በርቶ ነው የሚመጣው።

ቪቫልዲ የሚጠቀም ካለ ነገሩ የቆየ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታቡን ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ የፈለጋችሁበት ታስቀምጣላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ «ታብስ» ግቡና ቦታውን ምረጡ።

ክሮም በዚህ በኩል ሲያንቀራፍፍ ነው የኖረው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ታቡን ከአድራሻ መስመሩ በላይ ሰቀለው። ምክንያቱ ያስኬዳል፦ አድራሻው የታቡ ነው፣ ስለዚህ ከታቡ ሥር ይሁን ነው ነገሩ። ሌሎቹም ተከተሉት። ግን ያ ውሳኔ ረዘም ላለ ስክሪን እንጂ ለኛ 768 የተባለ አይመስልም። በእናንተ ቅጂ ላይ ባዶ የታብ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ የጎን ታብ ምርጫ ከመጣ ተጠቀሙበት። ካልመጣ ደግሞ «ኮንትሮል + ሺፍት + ኤ» አለላችሁ። የተከፈቱትን ታቦች በሙሉ ርዕሳቸው ሳይቆረጥ በዝርዝር ያወጣል፣ መፈለጊያም አለው። በአማርኛ ስትፈልጉ ግን ፊደሉ ራሱ መሆን አለበት። ገጹ «ኃይል» ብሎ ጽፎ እናንተ «ሃይል» ብትሉት አያገኘውም። ከርዕሱ ውስጥ አከራካሪ ፊደል የሌለበትን ቃል መርጦ መጻፍ ይሻላል።

ክሮማችሁ በአማርኛ ከሆነ ሜኑው ውስጥ ታብን «ትር» ይለዋል፣ ግራ እንዳይገባችሁ።

ሌላውን መስመር ማሳነስ

የቡክማርክ መስመሩን «ኮንትሮል + ሺፍት + ቢ» ያጠፋዋል፣ ያበራዋል። ሲያስፈልግ ብቻ አብሩት። ቋሚ እንዲሆን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ስሞቹን አሳጥሩ። ቡክማርኩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ኤዲት»፣ ስሙን በአንድ ቃል መተካት። አዶው ብቻውን የሚበቃ ከሆነ ስሙን ጭራሽ አጥፉት።

ረጅም ጽሑፍ ስታነቡ «ኤፍ 11» ሁሉንም ይደብቃል። ድጋሚ ስትጫኑት ይመለሳል።

ፊደሉ አነሰብኝ ብላችሁ የዊንዶውስን ስኬል ወደ 125 ከመቶ አትጎትቱት። 1366 በ768 የነበረው ስክሪን 1093 በ614 የሆነ ያህል ነው የሚጠብባችሁ። ይልቅ ገጹን ብቻ «ኮንትሮል»ና የመደመር ምልክት ተጭናችሁ አሳድጉ። ብሮውዘሩ ለየድረ ገጹ ያስታውሰዋል። «ኮንትሮል + 0» ወደነበረበት ይመልሳል። የአማርኛ ፊደል በትንሹ ሲጻፍ «ሉ»ና «ሊ» የሚለዩባት ጭረት ስለምትጠፋ፣ የዜና ገጾችን 110 ወይም 125 አድርጎ ማንበብ ዓይን ያሳርፋል።

ርዕሱ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነባችሁ የጎደለው ፎንት ነው። ዊንዶውስ 7ና ከዚያ በኋላ ያሉት የግዕዝ ፊደል ይዘው ይመጣሉ። ሊኑክስ ላይ ግን «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ከጫናችሁ በኋላ ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ታብን በቡድን መክፈል

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ዓመታት ተጠቅሞ የማይነካው ነገር ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ተማሪ ስለ መንዝ ጓሳ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል እንበል። ስለ ጭላዳ የተከፈተ አለው። ስለ ቀይ ቀበሮ አለው። ጓሳውን ሕዝቡ «ቄሮ» በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እንዴት ሲጠብቀው እንደኖረ የሚያወሳ ጥናት አለው። ከመሀል ደግሞ ቴሌግራም፣ ኳስ፣ የእህቱን ፎርም የሚሞላበት ገጽ። ሁሉም በአንድ መስመር ተሰልፈው ሲያያቸው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ክሮም ላይ ቡድን ከ2020 ጀምሮ አለ። ፋየርፎክስ በሚያዝያ 2025 በቁጥር 138 አመጣው። ኤጅም አለው። አሠራሩ ሦስቱም ላይ አንድ ነው፦

1. አንዱ ታብ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ወደ አዲስ ቡድን መጨመር የሚለውን ምረጡ።
2. ስም ስጡት፣ ቀለም ምረጡ።
3. ሌሎቹን በማውስ እየጎተታችሁ አስገቡ።
4. የቡድኑን ስም ስትነኩ ታቦቹ ይታጠፋሉ፣ ስሙ ብቻ ይቀራል። ድጋሚ ስትነኩት ይዘረጋሉ።

ስሙን አሳጥሩ። «የጓሳ ማኅበረሰብ ጥበቃ ጥናት ምዕራፍ ሁለት» ብላችሁ ብትጽፉ ስሙ ራሱ ቦታ ይፈጃል። «ጓሳ» በቂ ነው። የእህቱ ፎርም «ፎርም»፣ ሌላው «ጨዋታ»። ተማሪው ሲጽፍ «ጨዋታ»ን አጥፎ ያስቀምጣል። ቢያንስ ከዓይኑ ይርቃል።

በቀለም በኩል የኔ ምክር ከሦስት አትለፉ ነው። ቀይ ለሚቸኩል፣ ሰማያዊ ለሥራ፣ ግራጫ ለሌላው። ስምንት ቀለም ሲደረደር ቀለሙ ትርጉም ያጣል፣ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰውም አብሯችሁ ሊሠራ ስለሚችል፣ በቀለም ብቻ አትተማመኑ፣ ስሙንም ጻፉ።

ከቡድን ውጪ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ ገጽ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ኢሜይል ወይም የቴሌግራም ድረ ገጽ፣ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፒን» በሉት። ወደ አዶ ያንሳል፣ መጀመሪያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። የመዝጊያ ምልክቷ ስለምትጠፋ ማውስ ስቶ አይዘጋውም። ሦስት አራት ይበቃል።

ኮፒ ቤት ላላችሁ፦ የራሳችሁ መስኮትና የደንበኛ መስኮት

በገበያ ቀን ኮፒ ቤት የገባ ያውቀዋል። አንዱ ከጣርማበር ማዶ ፓስፖርት ሊያስሞላ መጥቷል። አንዷ የልጇን ውጤት ልታሳይ። አንዱ ንግድ ፈቃድ ሊያድስ። ባለቤቱ ሁሉንም በአንድ መስኮት ይከፍታል። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ የኔን ደግሞ የት ጣልከው?» ይመጣል። መጥፋቱስ ይሁን። የባሰው የአንዱ ሰው መለያ ተከፍቶ ሌላው ሰው ስክሪኑ ላይ ሲያየው ነው።

እንዲህ አድርጉ። ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ያለችውን የፕሮፋይል ምልክት ንኩ። የራሳችሁን ፕሮፋይል ደማቅ ቀለም ስጡት፣ ቀይ ይሁን። የመስኮቱ ላይኛ ክፍል ቀይ ሆኖ ሲታይ የራሳችሁ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ያለበት እንደሆነ በርቀት ታውቃላችሁ። ለደንበኛ ደግሞ ከዚያው ሜኑ «ጌስት» ወይም እንግዳ የሚለውን ክፈቱ። አንድ ደንበኛ ሲጨርስ የእንግዳ መስኮቶቹን በሙሉ ዝጉ። የተጎበኘው ገጽና የተከፈተው መለያ ከማሽኑ ላይ ይጠፋል። ኤጅም ተመሳሳይ ነገር አለው።

አንድ ነገር ግን አይጠፋም፦ ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል። የሰው መታወቂያና ፓስፖርት «ዳውንሎድስ» ፎልደር ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ማታ ሱቅ ስትዘጉ እሱንም፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ።

ጥቁር ገጽታ ለሚወዱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የክሮም «ኢንኮግኒቶ» (የግል) መስኮት ምንጊዜም ጥቁር ነው። ተራውንም መስኮት ጥቁር ካደረጋችሁት ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የግል ነው ብላችሁ የከፈታችሁት ተራው ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው በሚነካው ማሽን ላይ ተራው መስኮት ነጭ ወይም ባለቀለም ይሁን። በሩ ክፍት ሆኖ ፀሐይ በሚገባበት ሱቅ ደግሞ ጥቁር ስክሪን እንደ መስታወት የራሳችሁን ፊት ነው የሚያሳያችሁ።

ነጩም የራሱ ችግር አለው። ፋየርፎክስ በሰኔ 2021 በቁጥር 89 ገጽታውን ሲቀይር በታቦች መሀል የነበረውን መለያ መስመር አነሳ። ያልተመረጡት ታቦች ከጀርባቸው ጋር ተዋህደው ቀሩ። አሮጌና የደበዘዘ ስክሪን ላይ የትኛው ታብ ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ ማፍጠጥ ይጠይቃል። ሴቲንግ ውስጥ «ቲም» ግቡና የተመረጠው ታብ ከሌሎቹ በግልጽ የሚለይበትን ምረጡ። ስትመርጡ ውበቱን ተዉት። ከወንበሩ አንድ እርምጃ ራቁና የትኛው ታብ እንደተመረጠ ይታያችሁ እንደሆነ እዩ። ካልታየ ሌላ ሞክሩ። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ዊንዶውስ ራሱ ከፍ ያለ ንጽጽር ያለው ገጽታ አለው። ግራ «ኦልት»፣ ግራ «ሺፍት»ና «ፕሪንት ስክሪን» አንድ ላይ ሲጫኑ ይበራል፣ በዚያው ይጠፋል።

ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ማድረግ የምትፈልጉ «ዊንዶውስ» ቁልፉንና የግራ ቀስቱን ተጫኑ፣ ሌላውን በቀኝ ቀስት። ግማሹ 683 ፒክስል ብቻ ስለሆነ ፎርም መሙያ ገጾች ይጨናነቃሉ። ጽሑፍ እያዩ ለመተየብ ግን ይሆናል። ያኔ የጎን ታቡን ወደ አዶ ሰብስቡት።

መብራት ሲሄድ

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሲመለስ ታቦቹን ለማግኘት «ኮንትሮል + ሺፍት + ቲ» ተጫኑ። በአንዴ የተዘጋውን መስኮት ከነታቦቹ ሊመልሰው ይችላል። በራሱ እንዲመለስ ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ኦን ስታርትአፕ» ግቡና ካቆሙበት መቀጠል የሚለውን ምረጡ። ይህ ለግል ላፕቶፕ ጥሩ ነው። ለሱቅ ማሽን አይሆንም፤ የተከፈተ መለያንም አብሮ ሊመልስ ይችላል።

ታቡ ቢመለስም ፎርሙ ላይ የሞላችሁት ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ረጅም ማመልከቻ ከሆነ መጀመሪያ ኖትፓድ ወይም ዎርድ ላይ ጻፉና ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ።

ራሙ 4 ጊጋ ለሆነ ማሽን ክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ስር «ሜሞሪ ሴቨር» አለ። ለቆይታ ያልተነኩ ታቦችን ከራም ያወርዳል። ታቡ ቦታው ላይ ይታያል፣ ስትነኩት ግን እንደ አዲስ ይጭናል። በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ያ ጭነት ከፓኬጃችሁ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ እዚያው ቦታ «ምንጊዜም ክፍት ይሁኑ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ የምትመላለሱባቸውን ሁለት ሦስት ድረ ገጾች ጨምሩ።

በእጅ የሚገቡ ቁልፎች

በሐምሌ ብርድ ጣት ደንዝዞ ማውስ ከመጎተት ቁልፍ ይቀላል። ሁሉንም አትሸምድዱ፣ እነዚህ ይበቃሉ። «ኮንትሮል + ቲ» አዲስ ታብ። «ኮንትሮል + ደብልዩ» መዝጊያ። «ኮንትሮል + ታብ» ወደ ቀጣዩ። «ኮንትሮል» ከ1 እስከ 8 ካለ ቁጥር ጋር በተራ ቁጥሩ ያለውን ታብ፣ ከ9 ጋር ደግሞ ስንትም ይሁን የመጨረሻውን ታብ ያመጣል። ኢሜይሉን ቀድማችሁ ፒን ካደረጋችሁት አንደኛ ላይ ስለሚቀመጥ «ኮንትሮል + 1» ምንጊዜም ኢሜይላችሁ ነው።

ስልክ ላይ

አንድሮይድ ላይ ታቦች የተደበቁት ከአድራሻ መስመሩ አጠገብ ባለችው ቁጥር ያለባት ሳጥን ውስጥ ነው። ስትነኳት በካርድ መልክ ይዘረጋሉ። ክሮም ላይ ከ99 ሲያልፍ ቁጥሩ ይጠፋና ፈገግ ያለ ፊት ይመጣል። የሰው ስልክ ላይ ያን ፊት ሳይ እኔም ፈገግ እላለሁ። ሳጥኗን ተጭናችሁ ብትቆዩ የአሁኑን ታብ መዝጊያ ታገኛላችሁ። ሁሉንም ባንዴ ለመዝጋት ካርዶቹ ከተዘረጉ በኋላ ሦስቷን ነጥብ ንኩ። ስልኩ ትልቅ ሆኖ በአንድ እጅ ላይ መድረስ ለሚቸግራችሁ፣ የፋየርፎክስ የአንድሮይድ ቅጂ የአድራሻ መስመሩን ወደ ታች ያወርደዋል፦ ሴቲንግ፣ «ከስተማይዝ»፣ ከዚያ የመስመሩን ቦታ መምረጥ።